አረንጓዴ ያልበራላት ሴት

እኛ አገር ሰው መኖሩ የሚታወቀው በመብራት ነው። የሌላ አገር ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ይሳቅ፣ እኛም የሌላውን ስንሰማ እንስቃለን። መሥሪያ ቤቶቻችን ሁሉ የሚገናኙት «አገናኝ» በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ሠራተኛው ጠዋት ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ኮምፒውተሩን ከፍቶ «አለሁ» የሚለውን አዝራር ይጫናል፤ ያኔ ከስሙ አጠገብ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ መብራት ትበራለች። አረንጓዴ የበራለት አለ ማለት ነው። መብራቱ ግራጫ የሆነበት የለም። ሕጉ ይኸው ነው፤ አጭርና ግልጽ ስለሆነ ሁላችንም እንወደው ነበር።

የለም ከተባለ ሰው ጋር ማውራት ደግሞ ክልክል ነው። በሥራ ሰዓት ግራጫ ሰው ሰላም ያለ «ሐሰተኛ ግንኙነት ፈጥሯል» ይባልና ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። ደንቡ የወጣው ለበጎ ነበር አሉ፤ ሠራተኛው በየበሩ እየቆመ ወሬ ስላበዛ ነው። እውነትም ወሬው ቀረ። ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው የተቀመጡ ሁለት ሠራተኞች እንኳ «መስኮቱን ትዘጊልኛለሽ?» ለመባባል በአገናኝ ይጻጻፋሉ። መልእክቱ የሚዞርበትን ዞሮ እስኪደርስ ዝናቡ ገብቶ ወረቀቱን ሁሉ አርሶት ይሆናል፤ ቢሆንም ጥያቄው በወጉ ቀርቧል።

ይህን የምጽፈው እኔ የታች ሰፈር ጡረተኛ ነኝ። የምተርከው ግን ስለ ራሴ ሳይሆን ስለ ጎረቤቴ ስለ አስካለ ነው። ያላየሁትን እሷው ነግራኛለች፤ ያልነገረችኝን ደግሞ እሷን ስለማውቃት አውቀዋለሁ።

አስካለ የምትሠራው በውሃ ተራ ቢሮ ነው። ከተማችን አራት ሰፈር ናት፤ ውሃዋ የሚወርደው ከአንድ ኮረብታ ላይ ካለ ማጠራቀሚያ ነው። እያንዳንዱ ሰፈር ቢሮው ውስጥ አንድ ጠያቂ አለው። ጠያቂው በየጠዋቱ በአገናኝ «ክፈት» ብሎ ይጽፋል፣ ከወዲያ «ተከፍቷል» የሚል መልስ ይመጣል፣ ከዚያ ውሃ ይወርዳል። የታች ሰፈር ጠያቂ አስካለ ነበረች። «ታች ሰፈር። ክፈት። አስካለ» ብላ ትልካለች፤ «ተከፍቷል። ኮረብታ» የሚል መልስ ይደርሳታል። እንዲህ እየተባባሉ ዓመታት አለፉ። ኮረብታ ተብሎ የሚፈርመው ሰው ይሁን ማሽን የሚያውቅ አልነበረም። ቢሮው ውስጥ በዚህ ጉዳይ ክርክር ይነሣ ነበር፤ በአገናኝ ማለቴ ነው። የሚበዛው ሰው ማሽን ነው ይላል፤ አንድም ቀን ሲሳሳት ወይም ሲያማርር ስላልተሰማ።

አንድ ማክሰኞ አፕዴት መጣ። አፕዴት ከላይ ነው የሚመጣው፤ ላይ ማለት የት እንደሆነ የጠየቀ ሰው አላውቅም። ሲመጣ ሠራተኛው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ ያጨበጭባል። ምን እንደተሻሻለ ያወቀ የለም፤ ጭብጨባው ሲጀመር ገና ስክሪኑ ላይ ያለችው መስመር እየሞላች ናት። አንዳንዴ መስመሯ ልትሞላ ትንሽ ሲቀራት ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ያኔ እጅ እስኪያብጥ ማጨብጨብ ነው። ካለቀ በኋላ አዝራሮቹ ሁሉ ቦታ ቀይረው ይገኛሉ። ለዚህም የሥራ መደብ ተፈጥሮለታል። አዝራር ፈላጊዎች ይባላሉ፤ የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ ልጁን ለአዝራር ፈላጊ የዳረ አባት ሰፈር ውስጥ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው። የሁሉም የበላይ፣ የውሃ ተራ ቢሮም አለቃ፣ ሊቀ አዝራር ደምሰው ናቸው።

የዚያን ዕለት አስካለ እንደ ሰው ሁሉ ቆማ አጨበጨበች፣ ተቀመጠች፣ «አለሁ» የሚለውን ፈልጋ ተጫነች። መብራቷ ግራጫ ሆና ቀረች። ደግማ ተጫነች። አዝራሩን በቀስታም ሞከረችው፣ በንዴትም ሞከረችው። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው፤ እኛ አገር የመጀመሪያው መድኃኒት ይኸው ነው፣ ሁለተኛውም ይኸው ነው። «ታች ሰፈር። ክፈት። አስካለ» ብላ ስትጽፍ «የሉም፤ ሲኖሩ ይሞክሩ» የሚል መልስ መጣላት።

አዝራር ፈላጊ እንዳትጠራ፣ ፈላጊ የሚጠራው በአገናኝ ነው። ወደ ብልሽት ክፍል ሄደች። በሩ ዝግ ነው፤ ማስታወቂያ ተለጥፎበታል፦ «ብልሽትዎን በአገናኝ ያሳውቁን።» ከሥሩ ሌላ ሰው፣ ምናልባት ከልቡ አስቦ፣ ጨምሮበታል፦ «አገናኝ አልሠራ ያላችሁ ደግሞ ይህንኑ በአገናኝ አሳውቁን።» አስካለ ሁለቱንም አነበበችና ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

ከጀርባዋ የምትቀመጠው ብርነሽ የላይ ሰፈር ጠያቂ ናት፤ ምሳ አብረው የሚበሉ ወዳጇ ናት። ብርነሽ ዘወር ልትል ነበር፤ ስክሪኗ ላይ ግራጫዋን አየችና አንገቷ መንገድ ላይ ቀረ። ደንብ ደንብ ነው፤ የምሳ ሰዓትንም ይጨምራል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ምሳ ዕቃዋን ከፈተችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ መናገር ጀመረች።

«እንዲያው አስካለ ብትኖር ኖሮ፣ ዛሬ ፍርፍር ነበር የያዝኩት» አለችው ለግድግዳው። «ቃሪያም አለው። ለብቻዬ አልጨርሰው። እዚህ ጥግ ላይ ባስቀምጠው ማን ያነሣዋል? ማንም የለ።»

አስካለ ከጥጉ አነሣችና በላች። «ቃሪያው አቃጠለኝ» አለች እሷም ለኮምፒውተሯ። ብርነሽ ለግድግዳው ሳቀችለት። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። ብርነሽ ግድግዳውን ምስክር ይጠሩብኛል ብላ ብትሰጋም ግድግዳው አልከዳቸውም።

ታች ሰፈር ግን ደረቀ። መጀመሪያ ያስቀመጥነውን ጠጣን፣ ቀጥሎ ከላይ ሰፈር ዘመድ ያለው ከዘመዱ ቀዳ፣ ዘመድ የሌለን ጀሪካን እየያዝን ወንዝ ወረድን። ያ ወንዝ ከብት የሚጠጣበት ወንዝ ነው። አስካለ ቤት ደግሞ አራስ አለች፤ ታናሽ እህቷ ውብዓለም ሴት ልጅ ከወለደች ገና ሳምንትም አልሞላት። ለአራስ ቤት ውሃ ማለት ምን እንደሆነ የወለደች ታውቀዋለች። አስካለ ከቢሮ ስትመለስ ጀሪካን ተሸክማ ወንዝ ትወርዳለች፤ ያመጣችውን አፍልታ አጥልላ ለመጠጥ ሲሆን ለሕፃኗ መታጠቢያ አይተርፍም። ሕፃኗ ገላዋ ላይ ሽፍታ አወጣች። ቀን አልቅሳ ሌት ታለቅሳለች፤ አስካለ በእያንዳንዱ ለቅሶ እኔ ነኝ ያደረቅኋት ትል ነበር። ውሃውን ጠያቂዋ እሷ ናታ።

ቢሮው ግን ሌላ ነገር ነበር ያየው። በስክሪኑ ላይ «ታች ሰፈር፦ ጠያቂ የለም» ይላል። ጠያቂ ከሌለ ጥም የለም ማለት ነው። የሰፈራችን የውሃ ፍጆታ ወርዶ ወርዶ ምንም ሲሆን ሊቀ አዝራር ደምሰው ደስ አላቸው። «ውሃ በመቆጠብ አርአያ ለሆነው ታች ሰፈር» የሚል የምስክር ወረቀት በመስታወት አሠርተው ላኩልን። ተቀበልን። መስታወቱ አቧራ ስለነበረበት ማጽጃ ውሃ ፈልገን አጣን።

ግራጫ የቆየ ሠራተኛ እንደሄደ ይቆጠራል፤ ይህም ደንብ ነው። ስለዚህ ለአስካለ የመሸኛ ዝግጅት ተደረገላት። ኬክ መጣ፣ ለስላሳ መጣ፣ አበባ ያለበት ብርድ ልብስ በስጦታነት ተገዛ። አስካለ መቼም ቢሮ ነበረችና እሷም ተገኘች፤ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ሊቀ አዝራር ደምሰው ከራሷ በላይ በሩን እያዩ ንግግር አደረጉ።

«እህታችን አስካለ ትጉህ ሠራተኛ ነበረች። ድንገት ጥላን ብትሄድም ባለችበት ሁሉ መልካሙን እንመኝላታለን። የት እንዳለች ብናውቅ ደግሞ ስጦታዋን በእጇ በሰጠናት ነበር።»

ጭብጨባ ሆነ። አስካለም አጨበጨበች፤ ንግግሩ ጥሩ ነበር ብላኛለች። ሁለተኛ ቁራሽ ኬክ ስታነሣ የከለከላት የለም፤ የሌለ ሰው ምን ያህል እንደበላ አይታይም። ብርድ ልብሱን ወንበሯ ላይ አኖሩት። ብርነሽ ዓይኗ ቀልቶ ለግድግዳው «ይህን ብርድ ልብስ ባለቤቱ ወስዳው ብትሄድ ደስ ይለኝ ነበር» አለችው። አስካለ ልብሱን ታቅፋ ወጣች። አጥሯ ጋ ስትደርስ አጥሩን ተደግፋ ስታለቅስ አይቻታለሁ፤ እንዳየኋት እንዳታውቅ ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ። የሰው ልጅ መባረርን ይችለዋል፤ እዚያው ተቀምጦ መሸኘት ግን አንጀት ይበላል።

በማግስቱ ከሥራ መውጫ በኋላ የይቅርታ ሹሙ መጣ። ስሙ ምናሴ ነው። ሥራው አገናኝ ሰው ባጉላላ ቁጥር እየዞረ ይቅርታ መጠየቅ ነው። መጠገን አይችልም፤ መጠገን የሌላ ክፍል ነው። ይቅርታውን ግን ከልቡ ነው የሚለው፤ እውነተኛ እንባ አለው፤ ለዚህም ነው የተቀጠረው። የሥራ ሰዓት ስላለፈ ግራጫ ማናገር አያስጠይቀውም። እኔም ባዶ ጀሪካኔን ይዤ እዚያው አራስ ጥየቃ ተቀምጫለሁ።

ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ። «እትዬ አስካለ፣ ለተፈጠረው መጉላላት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።»

«ግባ፣ ደጅ አትቁም» አለችው።

«ማነው እሱ?» አለች ውብዓለም ከአልጋዋ።

«የይቅርታ ሹም ነው።»

«ታዲያ ምን ያደርግልናል? ልጄን በይቅርታ ላጥባት ነው?»

ምናሴ ለእሷም ይቅርታ ጠየቀ። ጎንበስ ብሎ ለሕፃኗም ጠየቀ። ሕፃኗ የባሰ አለቀሰች፤ ለዚያም ጠየቀ። ውብዓለም ልጇን እያባበለች ወደ እህቷ ዞረች።

«ቆይ እስቲ አስካልዬ፣ ውሃውን የሚከፍተው ማነው?»

«ኮረብታው ነዋ።»

«ኮረብታው ማለት?»

«ኮረብታው! እኔ ክፈት ስለው ተከፍቷል ይለኛል።»

«የት ነው የሚገኘው?»

አስካለ ትንሽ አሰበች። «መቼም... ኮረብታው ላይ ነዋ።»

«ታዲያ ለምን ሄደሽ አትነግሪውም?»

ሁላችንም በበሩ ወደ ውጭ አየን። ኮረብታው ከአስካለ ደጅ ቁጭ ብሎ ይታያል፤ ጠዋት ተነሥተን ከፀሐይ ጋር የምናየው እሱን ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ወንዝ ወርደን ስንወጣ፣ ለምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ሚስማር ስንመታ፣ ሄዶ መንገር የሚባል ነገር ከመካከላችን ለአንድም ሰው አልታሰበውም።

«እንዴት አድርጌ ነው የምሄደው?» አለች አስካለ ግራ ገብቷት።

«በእግርሽ!» አለች ውብዓለም።

ጠዋት ተነሥታ ሄደች። ብርድ ልብሱን ትከሻዋ ላይ ጣለችው፣ ኮረብታ ላይ ይበርዳል ሲባል ስለሰማች። ምናሴም አብሯት ወጣ። መንገዱን የሚያውቅ ስላልነበረ ቧንቧውን ተከትለው ሄዱ። ቧንቧው በሰው ግቢ ያልፋል፣ በወፍጮ ቤት ጀርባ ይዞራል፣ ገበያውን አቋርጦ በአጋም ቁጥቋጦ መሐል ሽቅብ ይወጣል። ምናሴ በየግቢው ለባለቤቶቹ ይቅርታ ይጠይቃል፤ አንድ ውሻ ቢያባርራቸው ለውሻውም እየሮጠ ጠየቀ። አስካለ በዚያ ሁሉ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው ያኔ ነው።

ጫፉ ላይ ማጠራቀሚያው አለ፤ ከጎኑ አንዲት የቆርቆሮ ቤት። ከውስጧ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ከዘራ ይዘው ወጡና እንደ መደንገጥ ብለው ቆሙ።

«ማን ናችሁ?»

«ከውሃ ተራ ቢሮ ነን» አለች አስካለ።

ሽማግሌው እግሮቿን ተመለከቱ። «ከቢሮ? ቢሮው ሰው ነው እንዴ?»

«ምን ሊሆን ኖሯል?»

«እኔማ ማሽን ነው ብዬ ነበር። አንድም ቀን እንዴት አደርክ ብሎኝ አያውቅም።»

አስካለ አፈረች፤ እስከ ጆሮዋ ድረስ ሞቃት። «እኔ የታች ሰፈሯ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «አስካለ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ጣሉት። «አስካለ? አስካለ ራሷ?» አሉና ክንዷን ያዝ አድርገው ወደ ቤቱ አስገቧት። ስማቸው ላቀው ነው። ከጠረጴዛቸው ላይ ያረጀ ኮምፒውተር አለ፤ ከስማቸው አጠገብ ያለችው መብራት ግራጫ ናት። እሳቸውም በዚያው ማክሰኞ ነው የጠፉት፤ ትእዛዝ ይደርሳቸዋል እንጂ መጻፍ አይችሉም። የሦስቱ ሰፈሮች ትእዛዝ ሲመጣ ይከፍታሉ፤ መልስ እንዳልመጣ ግን ቢሮው ልብ አላለም፤ ውሃው ከመጣ የመላሹን ነገር ማን ያነሣዋል።

«ይኸው እይው» አሏት ስክሪኑን እያመለከቱ። «ከመጣሽልኝስ አንብቢው።»

አንድ መልእክት ተጽፎ ቆሟል። «አስካለ፣ ምነው ጠፋሽ? ታመምሽ እንዴ? ደህና ከሆንሽ ንገሪኝ። ኮረብታ።» ከሥሩ ትንሽ ክብ ትዞራለች፤ ጎኗ ላይ «በመላክ ላይ» ይላል። ከዚያች ማክሰኞ ማግስት ጀምሮ ስትዞር ነው የከረመችው።

አስካለ ደጋግማ አነበበችው። ቢሮው ሁሉ ተሰብስቦ ኬክ ቆርሶ ሲሸኛት፣ ምነው ጠፋሽ ብሎ የጠየቃት ይህ ፊቱን አይታው የማታውቀው ሰው ነበር። እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም።

«አለሁ፣ ጋሼ» አለች። «ደህና ነኝ። አለሁ።»

ምናሴ ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተና ዘጋው። ያን ጊዜ የሚጠየቅ ይቅርታ እንዳልነበረ ገብቶታል።

«ለምን ዝም ብለው አልከፈቱልንም?» አለቻቸው ቆይታ።

«ያለ ትእዛዝ? እንዴት አድርጌ ልጄ? ብቻ በየጠዋቱ የእናንተን መዘውር ይዤ እቆማለሁ፤ ምናልባት አሁን ትጽፍ ይሆናል እያልኩ። ይኸው ዝገቱን እጄ ጠርጎታል።» መዘውሩ እውነትም እጅ በሚያርፍበት በኩል ያብረቀርቅ ነበር። «አሁንም ቢሆን ትእዛዝ የሚመጣው በአገናኝ ነው» አሉና ተጨነቁ።

«በአገናኝ የሚጽፈው ማን ሆነና? እኔ አይደለሁ?»

ላቀው ስክሪኑን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ደግመው ስክሪኑን አዩ። «እስቲ» አሉ በመጨረሻ፣ «እንደምትጽፊው አድርገሽ በዪው።»

አስካለ ቀጥ ብላ ቆመች። «ታች ሰፈር። ክፈት። አስካለ።»

ሽማግሌው መዘውሩን በሁለት እጃቸው ይዘው አዞሩት። ቧንቧው ከውስጡ ጮኸ። «ተከፍቷል» አሉ ጮክ ብለው፤ «ኮረብታ» ሊሉ ብለው ቆም አሉና «ላቀው» አሉ። ድምፃቸውን ለራሳቸውም የሰሙት የዚያን ቀን ይመስል ነበር አለችኝ። ስትወርድ ብርድ ልብሱን ትከሻቸው ላይ ትታላቸው ወረደች።

እኔ ታች ሆኜ ቧንቧው ሥር ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ አስነጠሰ፣ ቀጥሎ ጭቃ ተፋ፣ ከዚያ ኩልል ያለ ውሃ መጣ። ሰፈሩ እልል አለ። ሴቶቹ ለራሳቸው ከመቅዳታቸው በፊት የመጀመሪያውን ባልዲ ወደ አራሷ ቤት ላኩት፤ ማንም እንዲህ ይሁን አላለም፣ ዝም ብሎ ሆነ።

ቢሮ ውስጥ ግን ስብሰባ ተጠራ። ታች ሰፈር ያለ ጠያቂ ውሃ ጠጥቷል። ሊቀ አዝራር ደምሰው በጣም ተቆጡ፤ አርአያነታችን ተሰርዞ የምስክር ወረቀቱ እንዲመለስ አዘዙ። አስካለን ሊቀጡ ፈለጉ፤ ማስጠንቀቂያ የሚላከው በአገናኝ ነው፣ ለግራጫ ደግሞ አይላክም። ከሥራ ሊያባርሯት አሰቡ፤ ሄዳለች፣ ተሸኝታለች፣ ኬኳም ተበልቷል። አንድን ሰው ሁለት ጊዜ መሸኘት ደንብ አይፈቅድም። ስለዚህ አስካለ በየጠዋቱ ኮረብታ ትወጣለች፣ ከላቀው ጋር እንዴት አደሩ ትባባላለች፣ «ክፈት» ትላለች፣ ወርዳ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች። ማንም አያያትም። ግን ከንፈሯ ዳር ላይ ፈገግታ እንዳለ ብርነሽ ለግድግዳው ነግራዋለች።

ከዚያ ትልቁ አፕዴት መጣ። እንዲህ ያለ ትልቅ መጥቶ አያውቅም ተባለ፤ ጭብጨባው ከምሳ በኋላም አላበቃም። መስመሯ ሞላች። ሠራተኛው ተቀምጦ «አለሁ»ን ተጫነ። ሁሉም ግራጫ ሆነ። ጠያቂዎቹ፣ አዝራር ፈላጊዎቹ፣ የብልሽት ክፍል ሰዎች፣ ሊቀ አዝራር ደምሰውም ጭምር፤ በቢሮው ውስጥ አንድም ሰው የለም ነበር። ሞልተው ተቀምጠዋል፣ ግን የለም። እርስ በርስ መነጋገር ክልክል ስለሆነ ሁሉም ፊቱን ወደ ስክሪኑ አድርጎ ዝም አለ። እንዲያ እንዳሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ በማግስቱ መጥተው እንዲያው ተቀመጡ። የዚያን ዕለት ጠዋት ሦስቱም ሰፈሮች ውሃ አልወረደላቸውም። ታች ሰፈር ብቻ ወርዶለታል።

ሊቀ አዝራር ደምሰው የሚኖሩት ላይ ሰፈር ነው። ፊታቸውን ሳይታጠቡ መጥተዋል፤ ያስታውቅባቸዋል። በሦስተኛው ጠዋት አስካለ ወደ ኮረብታ ልትሄድ ነጠላዋን ስታነሣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቢሮው ሁሉ ጆሮውን አቆመ። ሊቀ አዝራሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እንዲያው» አሉት ግድግዳውን፣ «ወደ ላይ የሚሄድ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ለላይ ሰፈርም ክፈት ብሎ ቢያደርስልን መልካም ነበር።»

አስካለ በሩ ላይ ቆመች። ልትሄድ ትችል ነበር፤ እኔ ብሆን እሄድ ነበር። ኬኩን፣ ንግግሩን፣ ከራሷ በላይ በሩን ሲያዩ የነበሩትን እነዚያን ዓይኖች አስታውሳ ቆመች።

«ግድግዳው ኮረብታ አይወጣም ጌታዬ» አለች። «ሰው ነው የሚወጣው።»

ብርነሽ ከወንበሯ ተነሣች፤ ወንበሯን ይዛ ጎተተችና ዞራ፣ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ፊት ለፊት፣ አስካለን አየቻት። «ከስተሻል» አለቻት። ሌላ ምንም አላለችም። ሊቀ አዝራሩም ቀስ ብለው ከግድግዳው ዞሩ። የሰው ዓይን ለማየት እንደከበዳቸው ሁሉም አየ።

«አስካለ» አሉ። «አለሽ?»

«አለሁ» አለች። «እርስዎስ አሉ?»

ሊቀ አዝራር ደምሰው ስክሪናቸው ላይ ያለችውን ግራጫ ነጥብ አዩ፤ ከዚያ እጃቸውን አዩ። «ያለሁ ይመስለኛል» አሉ።

«እንግዲያው ይነሡ፣ አብረን እንውጣ። ሽማግሌው እንግዳ ይወዳሉ።»

ያን ቀን ቧንቧውን ተከትሎ የወጣው ሰው ብዛት ገበያ የሚሄድ ይመስል ነበር። ምናሴ ከፊት ሆኖ መንገድ ያሳያል፤ ባርኔጣውን ራሱ ላይ አድርጎታል። ላቀው አበባ ያለበትን ብርድ ልብስ ለብሰው በሩ ላይ ቆመው ጠበቋቸው። እያንዳንዱ ጠያቂ ስሙን እየተናገረ «ክፈት» አለ፤ ለእያንዳንዱም በስሙ እየጠሩ «ተከፍቷል» አሉት። ሊቀ አዝራሩ መዘውሩን አንድ ጊዜ እንዲያዞሩ ተፈቀደላቸው፤ ከበዳቸው፣ ብርነሽ አገዘቻቸው።

አሁን አገናኝ ተጠግኗል። ምን ሆኖ እንደነበር አልተነገረንም፤ አጥፍተው አብርተውት ይሆናል። መብራቶቹ ሁሉ አረንጓዴ ናቸው፣ የአስካለም ጭምር። አፕዴት ሲመጣ አሁንም ይጨበጨባል፤ ሁሉ ነገር በአንድ ቀን አይተውም። ብቻ ጠዋት ሰዉ አዝራሩን ከመጫኑ በፊት ወንበሩን አዞር አድርጎ «አላችሁ?» ይባባላል። በየሳምንቱ አንዱ በተራው ኮረብታ ወጥቶ ላቀውን እንዴት ሰነበቱ ይላቸዋል፤ ይህ በደንብ ውስጥ የለም፤ ሊቀ አዝራሩም ደንብ እናውጣለት ብለው ነበር፣ ብርነሽ ይቅርብን አለቻቸው።

ይህን ስጽፍ ውብዓለም ልጇን ደጅ ላይ በሳፋ እያጠበች ነው። ሽፍታዋ ለቋታል። ውሃ ሲነካት ግን እሪታዋን ታቀልጠዋለች፤ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። አስካለ ከሥራ ስትመለስ ገና አጥሩ ጋ ሳትደርስ ትሰማትና ከመንገድ ሆና ትጣራለች።

«አለሽ እንዴ እመቤት?»

ሕፃኗም ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ትመልስላታለች።